አመድ በጨርቅ፣ ካሜራ በዛፍ

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ የእህቴ ልጅ ለአጎቴ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳያቸው። አንድ አሜሪካዊ አዳኝ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ካሜራ አስሯል። አጋዘን በፊቱ ባለፈ ቁጥር ካሜራው ፎቶ አንስቶ ወደ ሰውየው ስልክ ይልካል። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ የትኛው ቀንዳም በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደሚያልፍ ያጠናል። ቀኑ ሲደርስ ሄዶ፣ ርቀት በሚለካ መነጽር አይቶ ይተኩሳል። አጎቴ ሰማንያን አልፈዋል። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩና «ታዲያ ይህ ሰው አደነ ነው የሚባለው ወይስ ተላከለት?» አሉ።

ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም፤ አሜሪካውያኑም እየተሟገቱበት ነው። የአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ለአደን ሲባል እንዲህ ያለ ካሜራ ጫካ ውስጥ ማስቀመጥን ከልክላለች። ዩታም በዚያው ዓመት የአደኑን ወራት የሚመለከት ገደብ አውጥታለች። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1887 የመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለ የአዳኞች ማኅበር ደግሞ «ፍትሐዊ አደን» የሚል ደንብ አለው፤ አዳኙ እንስሳውን ማምለጫ የሚያሳጣ ብልጫ አይያዝ ማለት ነው።

አጋዘን ያልኩት ለመግባቢያ ያህል ነው። ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ እንደገና የሚያበቅለው የፈረንጅ አገር እንስሳ እኛ ጋ የለም፤ መዝሙረ ዳዊት ላይ «ዋላ» ተብሎ የምናነበው እሱ ነው። የእኛዎቹ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሰስና ሚዳቋ ዝምድናቸው ከከብትና ከፍየል ስለሆነ ቀንዳቸውን ይዘው ይሞታሉ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ከደባርቅ በታች ባለው ቆላ የሚያድኑት ድኩላና ሰስ ነበር። መሣሪያቸው ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር ነው። ጥይት ውድ ስለነበር ለአንድ ጉዞ ከሦስት በላይ አይዙም። ከጥይቱ የበለጠ የማይረሱት ግን በእራፊ ጨርቅ የተቋጠረ የምድጃ አመድ ነው። ጥሻው ዳር ሲደርሱ ቁንጥር አመድ በጣታቸው ይዘው ይለቁታል፤ አመዱ ወደሄደበት አይሄዱም። ድኩላ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል ይላሉ። ጠዋት ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው ነፋሱ ሽቅብ ስለሚነፍስ ከላይ ወደ ታች፣ ሲመሽ ደግሞ ነፋሱ ቁልቁል ስለሚወርድ ከታች ወደ ላይ ነው የሚታደነው። በጠጡን በጣታቸው ጨፍልቀው ርጥበቱን አይተው እንስሳው ካለፈ ምን ያህል እንደቆየ ይገምታሉ። አንዳንድ ቀን ይሳሳታሉ፤ ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ይገባሉ።

የቢላዋው ነገር ደግሞ አለ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በክት አይበላም። ስለዚህ አጎቴ የመቱትን ድኩላ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰው «በስመ አብ» ብለው ማረድ ነበረባቸው። ከሸጥ ማዶ ያለውን የሚመታ ሰው ገደሉን ዞሮ እስኪደርስ ድኩላው ይሞትበታል፤ ሥጋው ለአሞራ፣ ወሬው ለመንደር ይቀራል። አጎቴ ከመቶ እርምጃ በላይ አልተኩስም ነበር የሚሉት ጥይቱ ስለማይደርስ አይደለም። እግራቸው ስለማይደርስ ነው። ርቀቱን የሚለኩት በመነጽር ሳይሆን በጉልበታቸው ነበር፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የአደን ደንብ የጻፈ ማኅበር የለም።

ይህን ስል የአባቶችን አደን ሁሉ እንደ ጽድቅ የሚያወሩ ሰዎች አይደሰቱብኝ። ለአፍ ዳገት የለውም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 መጀመሪያ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ የዝሆን አዳኞች አይቷል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ የፊተኛው ዝሆኑን እየተሳደበ ያናድደዋል፤ የኋለኛው ከፈረሱ ተንሸራቶ ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። ከዚህ የበለጠ ቀርቦ ማደን ከየት ይመጣል? ድፍረቱ ያስደንቃል። ዛሬ ግን ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርድ ዝሆን አያለሁ ብሎ የሚጠብቅ መንገደኛ የለም።

ከዚያ ውጅግራው መጣ፣ ምንሽሩ ተከተለ፣ አሁን ክላሽ በየቤቱ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከመታወቂያዎቹ አንዱ በሌላ አገር የማይገኘው ዋልያ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባም ከምክንያቶቹ አንዱ የዋልያው መመናመን ነበር፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያው እንዲያ ሲመናመን በተራራው ላይ ድሮንም ፎቶ የሚልክ ካሜራም አልነበረም። አሮጌ ጠመንጃና ዳገቱን እየገፋ የሚወጣ እርሻ በቂ ነበሩ። አጎቴም ፓርኩ ሳይከለል ሁለት ዋልያ መትተዋል። አይክዱትም፤ ሲያወሩትም አይፎክሩም።

እንግዲህ ዱካ ማወቅ አዳኙን ደግ አያደርገውም። አደኑን ግን ያዘገየዋል፤ አመዱ፣ ዳገቱ፣ ቢላዋው፣ ባዶ እጅ መግባቱ ሁሉ ሳይጻፍ የኖረ ልክ ነው። መሣሪያ ያን ድካም በቀነሰ ቁጥር የተነሳውን ልክ በሕግ መመለስ ግድ ይሆናል። አሪዞናዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኛ አገር ማደን በፈቃድ ብቻ መሆኑ ቢታወቅም፣ ሌሊት የሚያሳይ መነጽርና ድሮን ከአዳኝ እጅ ሳይገባ ስለ እነሱ ለይቶ የሚናገር ደንብ ቢወጣ አይከፋም። ከገባ በኋላ ማን ገደል ለገደል ተከትሎ ያስጥለዋል?

ካሜራውን ጠልቼው አይደለም። ቋራ ውስጥ፣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ባለው የአልጣሽ ፓርክ አንበሳ እንዳለ የአካባቢው ሰው ሲናገር ኖሯል። ለዓለም የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በካሜራ ፎቶውን ሲያነሱ፣ መሬት ላይም ዱካውን ሲያገኙ ነው። ያው ልጁ በስልኩ ያሳየን ዓይነት ካሜራ ነው፤ የያዘው እጅ ነው የተለየው። በሰሜን ተራሮች ከጎብኚ ጋር የሚሄዱት ስካውቶችም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ካሜራም ጂፒኤስም ይሰጣቸው እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን አጎቴን የመሰሉ ሽማግሌዎች አንድ ክረምት አስከትለዋቸው ይውጡ፤ ጉልበቱን የማያመው በእግሩ፣ የሚያመው በበቅሎ። አበል ቢከፈላቸውም ከአንድ ካሜራ ዋጋ ብዙ አይርቅም።

ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ልጁ ካሜራው የላከውን ፎቶ አጉልቶ አሳያቸው። ከሥሩ ሰዓቱ፣ የሙቀቱ መጠን፣ ጨረቃዋ ምን ያህል እንደሞላች ሳይቀር ተጽፏል። «ይኸው አባባ፣ ሁሉም አለ» አላቸው።

«ነፋሱስ በየት በኩል ነው?» አሉት።

ልጁ ስልኩን ወደ ራሱ መልሶ ይፈልግ ጀመር።