አስተማሪ ወይስ ጥጃ? በማሽን የተቀየረ የጃፓን ካታሎግ ላይ የተደረገ ክርክር

ጃፓን ውስጥ የተሠራ የመጽሐፍ መዝገብ ዛሬ ብዙ አገር ይደርሳል። ቶኪዮ ያለው የጃፓን ብሔራዊ የፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ከጥር 2012 ጀምሮ መዝገቦቹን የሚያወጣው ማርክ 21 በሚባለው ዓለም አቀፍ ቅርጽ ነው። መጽሐፍ ላኪ ድርጅቶችም ከመጽሐፉ ጋር መዝገቡን ይልካሉ። ከዚያ ሶፍትዌር ይረከበዋል። የጃፓንኛውን ንባብ ወደ ላቲን ፊደል ይገለብጣል፣ ቅርጹን ያስተካክላል፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ወደሚጠቀምበት ካታሎግ ያስገባል። እንዲህ ያለ መዝገብ ከመለቀቁ በፊት ሰው አይቶ ያርመው ወይስ እንዳለ ይለቀቅ?

በጽሑፍ የሚከራከሩት ሁለት የሙያው ሰዎች ናቸው። «ይታረም» ባዩ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ እስያ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ካታሎግ የሠሩ ናቸው። «ይለቀቅ» ባይዋ መዝገብ በጅምላ የምታስገባ የዳታ ባለሙያ ናት። የኛ ነው ካልተባለ በቀር ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይታረም ባዩ፦

ከአንድ ቃል ልነሣ። ካታካና የሚባለው የጃፓን ፊደል እንደኛው ፊደል ነው፤ አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አብሮ ይይዛል። «ኮ»፣ «ኡ»፣ «ሺ» ብለን ሦስት ምልክት በተከታታይ እንጻፍ። ይህ የሁለት ቃል ንባብ ነው። አንደኛው አስተማሪ ማለት ነው። ያኔ «ኮ» ይረዝማል፤ በላቲን ሲጻፍ «ኦ»ዋ አናት ላይ ጭረት ይደረጋል፣ «ኡ»ዋ ትጠፋለች። ሁለተኛው ጥጃ ነው። «ኮ» ልጅ፣ «ኡሺ» ከብት። ለየብቻ ስለሚነበቡ ጭረት የለም፣ «ኡ»ዋም በቦታዋ ትቀመጣለች። ከቻይና በመጣው የካንጂ ጽሑፍ ሁለቱ ጨርሶ አይመሳሰሉም። ካታካናውን ብቻ ተከትሎ የሚገለብጥ ማሽን ግን አስተማሪውን ከጥጃው አይለይም።

ኢኖኡኤ የሚባል በጣም የታወቀ የቤተሰብ ስም አለ። ማሽኑ «ኖ» እና «ኡ» ሲከታተሉ ካየ ረዥም «ኦ» ነው ብሎ ይደመድማል። ስሙን «ኢኖኤ» አድርጎ ያስቀምጠዋል። ኢኖኡኤ ብሎ የሚፈልግ ተማሪ መጽሐፉን አያገኘውም። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፣ መዝገቡም ካታሎጉ ውስጥ አለ፣ ግን የለም።

ስለዚህ የኔ አቋም አጭር ነው። ጃፓንኛ የሚያነብ ሰው ሳያየው አንድም መዝገብ አይለቀቅ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ይለቀቅ ባይዋ፦

ጋሼ፣ ምሳሌዎችዎ ልክ ናቸው። እሱ ላይ አልከራከርዎትም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መዝገብ የሌለው መጽሐፍ ነው።

አንድ ቀን የዶክትሬት ተማሪ ወደኔ መጣ። አንድ የጃፓንኛ መጽሐፍ መገዛቱን ከፕሮፌሰሩ ሰምቷል፤ ካታሎጉ ላይ ቢፈልግ ግን የለም። አብረን ምድር ቤት ወረድን። ካርቶኖቹ እስከ ትከሻዬ ተደርድረዋል። ጎናቸው ላይ የደረሱበት ዓመት በማርከር ተጽፏል። መጽሐፉን ያገኘነው ከታች ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ነው። ገና ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ሁለት ዓመት እዚያ ቆይቷል። መዝገቡ ደግሞ መጽሐፉ በደረሰ ሳምንት ከላኪው መጥቶ ነበር! ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ጃፓንኛ የሚያውቅ አራሚ ይጠብቃል። አራሚዋ አንድ ሰው ናት፣ እሷም ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው።

ጃፓን በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር አዲስ መጽሐፍ ታሳትማለች። አንድ በአንድ እንይ ካልን ካርቶኑ ጣሪያ ይነካል።

ደግሞም ካንጂው መዝገቡ ውስጥ አለ። የሰሜን አሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት በጋራ ሲስተማቸው ላይ የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያን ፊደል ማስገባት የጀመሩት በ1983 ነው። ጃፓንኛ የሚያነብ ሰው ዛሬ በካንጂ ይፈልጋል። ላቲኑ ቢሳሳትም መጽሐፉ ይገኛል።

ይታረም ባዩ፦

የካርቶኑ ነገር እውነት ነው፣ ያማል። ግን እህቴ፣ «በካንጂ ይፈልጋል» ያልሽው ብዙ ሰው ያስቀራል።

መጽሐፍ ፈላጊው ከየት ነው የሚጀምረው? አብዛኛውን ጊዜ ከግርጌ ማስታወሻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ያነባል፤ እዚያ የጃፓንኛው ርዕስ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ያንኑ እንዳለ ወደ ካታሎጉ ይወስዳል። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የምታስመጣዋ ሠራተኛም ጃፓንኛ አታነብም፤ የምትፈልገው በላቲኑ ነው። ካንጂውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። «አገር» የሚለው ካንጂ አሮጌና አዲስ አጻጻፍ አለው፤ ሳይቶ የሚለው የቤተሰብ ስም ደግሞ በብዙ ዓይነት ይጻፋል። በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው ስትፈልጊ ሁሉም ሲስተም አያገናኝልሽም።

ንባቡም ከካንጂው ላይ አይታይም። ቶኪዮ ውስጥ ኒሆንባሺ የሚባል ሰፈር አለ። ኦሳካ ውስጥ ኒፖንባሺ የሚባል ሰፈር አለ። ሁለቱም በተመሳሳይ ካንጂ ነው የሚጻፉት፣ የጃፓን ድልድይ ማለት ነው። መጽሐፉ ስለ የትኛው ከተማ እንደሆነ ካላወቅሽ ርዕሱን ማንበብ አትችዪም። የሰው ስም ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ የሴት ስም አለ፣ ዩኮ ተብሎም ሂሮኮ ተብሎም ይነበባል። ካንጂው ያው ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ስም ሲገጥመኝ መጽሐፉን ከኋላ ነው የምከፍተው። የጃፓን መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ ኦኩዙኬ የሚባል ሳጥን አለ። አሳታሚው፣ ቀኑ፣ እትሙ፣ ዋጋው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከደራሲው ስም አናት ላይም ብዙ ጊዜ ንባቡ በደቃቅ ፊደል ይታተማል፣ መነጽር ካላደረግኩ የማላየው ደቃቅ። ጥያቄው በዚያች መስመር ያልቃል። ማሽኑ ያንን ገጽ አልገለጠም።

ይለቀቅ ባይዋ፦

ማሽኑ ባይገልጠውም ጃፓን ያለው ባለሙያ ገልጦታል። ጋሼ ይህን ያለፉት መሰለኝ። የፓርላማው ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሲመጣ ካንጂው ብቻውን አይመጣም። የርዕሱና የደራሲው ንባብ በካታካና ተጽፎ አብሮ ይመጣል። ኒሆንባሺ ይሁን ኒፖንባሺ መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው ወስኖ ጨርሷል። ማሽኑ ካንጂ አይገምትም፤ የተጻፈለትን ንባብ ነው የሚገለብጠው። የሚቀረው «ኮ-ኡ» እና «ኖ-ኡ» ዓይነቱ ጣጣ ነው። እሱን በዝርዝር መያዝ ይቻላል። ኢኖኡኤን አንዴ ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባሁት ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

እስቲ ማሽን ከሰው የሚበልጥበትንም እንይ። የጃፓን መዝገብ ውስጥ ካንጂው ዋናው መስክ ላይ ይቀመጣል፣ ንባቡ ደግሞ 880 በሚባለው ተጓዳኝ መስክ ላይ። የምዕራቡ ካታሎግ በተቃራኒው ነው፤ ላቲኑ ዋናው ላይ፣ ካንጂው 880 ላይ። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ቁጥር አለ። ሰው በእጁ ሲያገላብጥ ያ ቁጥር ይዛነፋል፤ የአንዱ ካንጂ ከሌላው ንባብ ጋር ይጣበቃል። እኔ ስንቱን ፈትቻለሁ! ማሽን በአንድ ሌሊት ሺውን ያገላብጠዋል፣ አንዱም አይዛነፍም።

ዓመቱንም ይውሰዱት። የጃፓን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ዓመቱን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይጽፋል። ለሾዋ 1925 መደመር ነው፣ ለሄይሴይ 1988፣ ለሬይዋ 2018። ሾዋ 50 ማለት 1975 ነው። ሾዋ 64 የቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው፣ ከጥር 1 እስከ ጥር 7 ቀን 1989። በማግስቱ ሄይሴይ 1 ገባ። ደክሞት ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ማሽን ግን አይሳሳትም። የኛ ዓመት ቢሆን እኮ ይሄ ሁሉ አይሠራም ነበር! በኛ አቆጣጠር 1967 ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ወሩ ካልተጻፈ 1974 ይሁን 1975 ማንም ሊያውቅ አይችልም። የጃፓኑ ግን ንጹሕ ድምር ነው።

ይታረም ባዩ፦

ዓመቱን ለቀቅሁልሽ። 880ንም ለቀቅሁልሽ። እነሱን ማሽን ይሥራቸው።

ንባቡ ግን ሁልጊዜ አይመጣም። ከፓርላማው ቤተ መጻሕፍት የመጣ ከሆነ እስማማለሁ። የላኪ ድርጅት መዝገብ ንባብ ሳይኖረው የሚመጣበት ጊዜ አለ። ያኔ ሶፍትዌሩ ከካንጂው ይገምታል፤ ግምት መሆኑንም አይናገርም። ከተረጋገጠው ንባብ ጋር አንድ መልክ ይዞ ይቀመጣል።

እትምና ኅትመትም አለ። ኦኩዙኬው ላይ «አንደኛ እትም፣ ሦስተኛ ኅትመት» ተብሎ ሁለት ቀን ይጻፋል። ሦስተኛ ኅትመት ማለት ያው መጽሐፍ እንደገና ታተመ ማለት ነው፣ ምንም አልተለወጠም። መዝገቡ ላይ ዋናው ቀን የእትሙ ነው። ማሽኑ የኋለኛውን ቀን ወስዶ አዲስ መጽሐፍ ያደርገዋል። አንድ ልብ ወለድ ሦስት መዝገብ ወልዶ አይቻለሁ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት በአንደኛው ላይ «አለኝ» ይላል፣ ሌላው በሁለተኛው ላይ። አንባቢው ባገኘው በአንዱ ይፈልግና «ቅርብ የለም» ይባላል። ቅርብ ግን ነበረ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ስርጭቱን ነው። አንዴ የተለቀቀ መዝገብ ባለበት አይቀመጥም። መቶ ቤተ መጻሕፍት ገልብጦ ይወስደዋል። አንቺ ነገ ብታርሚው ያንቺ ብቻ ነው የሚታረመው። መቶው ጋ ያለው ስህተቱን እንደያዘ ይኖራል። በስም ላይ ሲሆን ደግሞ የአንዲት ሴት ሥራ ለሌላ ሴት ይሰጣል።

ይህ ለምን እንደሚቆረቁረኝ ልንገርሽ። የኛን ስም አስቢው። የኛ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፣ የቤተ መጻሕፍት ደንቡም በራሱ ስም ይግባ ይላል። ግን ስንት ካታሎግ ላይ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከፊት ይመጣል! ፊደላችንም ጥብቀትን አያሳይም። «ገና» የሚለውን ርዕስ ላይ ያየ ማሽን በዓሉ ይሁን ገና ያልደረሰው ነገር በምን ያውቃል? በራሳችን ላይ ሲሆን የምንናደድበትን በጃፓኖች ስም ላይ እንዴት ዝም እንላለን?

ይለቀቅ ባይዋ፦

ዝም እንበል አላልኩም። ይለቀቅ ነው ያልኩት። ለቆ መርሳት ሌላ ነው፣ ለቆ መከታተል ሌላ ነው።

የምሠራበትን ልንገርዎ። ንባብ ይዞ የመጣ መዝገብ በዚያው ቀን ይለቀቃል። «ኦ» እና «ኡ» የተከታተሉበትን ማሽኑ ራሱ ነቅሶ ያወጣልኛል። ንባብ የሌለው ደግሞ ከእንግዲህ ርዕሱ በካንጂ ብቻ ይወጣል፣ ላቲኑ ባዶ ይቀራል። ከተገመተ ባዶ ይሻላል፤ እዚህ ላይ እርስዎን ሰምቻለሁ። አራሚዋ ጊዜዋን እነዚህ ላይ ታጥፋ። ለአንድ ተራ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ንባቡ ተጽፎ እያለ ግማሽ ሰዓት ለምን ትሰጣለች?

ይታረም ባዩ፦

በርዕሱ እስማማለሁ። በደራሲው ስም ግን አልስማማም። ስም ከመለቀቁ በፊት ሰው ይየው፣ ንባብ ይዞ ቢመጣም። ኦኩዙኬን መግለጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ከሦስተኛው ካርቶን የወጣው መጽሐፍ፣ መዝገቡ ላይ የደራሲው ስም ትክክል ነበር?

ይለቀቅ ባይዋ፦

ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ተማሪውን መጽሐፉን ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት። የመጨረሻውን ገጽ አብረን ከፈትን። የላኪው መዝገብ ንባብ አልነበረውም፤ ሶፍትዌራችን «ዩኮ» ብሎ ገምቶ ነበር። ኦኩዙኬው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «ሂሮኮ» ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አረምኩት። ተማሪው መጽሐፉን ካገኘ አራት ወር ሆኖታል፣ አንብቦ ጨርሶታል፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎበታል። ምዕራፉ ውስጥ ስሟ ዘጠኝ ቦታ ላይ ዩኮ ነው።