ሱሪ የታጠቁት የሼክስፒር ሴቶች

እኛ ሼክስፒርን በአብዛኛው ያወቅነው በአሳዛኝ ተውኔቶቹ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን ሰጡን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን በዚያ በሚያስገመግም አማርኛው አመጣልን። እስቲ ሴቶቹን አስታውሷቸው። ዡልየት ራሷን ትገድላለች። ዴዝዴሞና በባሏ እጅ ትሞታለች። ኦፊልያ አብዳ ውሃ ይበላታል። የማክቤዝ ሚስትም መጨረሻዋ አያምርም።

ሌሎቹን ሴቶች ያወቅኋቸው ለንደን ከመጣሁ በኋላ ነው። ቴምዝ ወንዝ ዳር ግሎብ የሚባል ቴአትር ቤት አለ። የጥንቱ የተሠራው በ1599 ነበር፤ የዛሬው እሱን አስመስለው የሠሩት ሲሆን በ1997 ተከፈተ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ወንበር ያልገዛ ሰው ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ መድረኩ ሥር ቆሞ ያያል። ድሮም ድሃው በአንድ ፔኒ እንዲሁ ቆሞ ነበር የሚያየው። እዚያ በሚታዩት ኮሜዲዎች ውስጥ ሴቶቹ አይሞቱም። ይከራከራሉ፣ ይመክራሉ፣ ወንዱን ፍቅር ያስተምሩታል። ግን ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙዎቹ መጀመሪያ የወንድ ልብስ ይለብሳሉ።

«አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው ተውኔት ቫዮላ መርከቧ ተሰባብሮ የማታውቀው አገር ዳርቻ ላይ ትወጣለች። መንትያ ወንድሟ የሰመጠ መስሏታል። አፏን ስትከፍት የምትጠይቀው «ወዳጆቼ፣ ይህ የማን አገር ነው?» ብላ ነው። በስደት የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ዘመድ የሌላት ወጣት ሴት በሰው አገር ምን ሊገጥማት እንደሚችል ስለምታውቅ፣ ሴሳሪዮ የሚባል ወንድ ሆና መስፍኑ ቤት ትቀጠራለች። «እንደ ወደዳችሁት» ውስጥ ያለችው ሮዛሊንድም አጎቷ ከቤተ መንግሥት ሲያባርራት የጎረምሳ ልብስ ለብሳ ጫካ ትገባለች።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። በስንክሳር የእንባ መሪናን ታሪክ የሰማ ያውቀዋል። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ገዳም ገባች። የአንድን ሰው ልጅ አስረግዘሃል ተብላ ተከሰሰች። ሴት ነኝ ብትል በአንድ ቃል ነጻ ትወጣ ነበር። አላለችም። ሕፃኑን ተቀብላ አሳደገች፤ ሴትነቷም የታወቀው ስትሞት ነው። የሼክስፒር ሴቶች ግን ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ይዘው አይቀጥሉም። ሠርግ ይጠብቃቸዋል።

እንግዲህ ተመልካቹ የሚያያት ሮዛሊንድ ሴት አልነበረችም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የሕዝብ ቴአትር ቤቶች ሴት አትተውንም። የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ልጆች ነበሩ። ወንድ ልጅ ሴት ይሆናል፤ ያቺ ሴት ደግሞ ወንድ ትሆናለች። ይህ ሁሉ የሆነው ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት ከ1558 እስከ 1603 አገሩን ስትገዛ ነው። ዙፋን ላይ ሴት ተቀምጣለች፣ መድረክ ላይ ግን ሴት የለችም። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የለንደን ተመልካች ዴዝዴሞናን በሴት ተዋናይ ያየው በ1660 መጨረሻ ነው።

በእኛም አገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርይን ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች አንዷ አስናቀች ወርቁ ነበረች። ያኔ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ብዙ ስም ይወጣላት ነበር። አስናቀች ያንን ሁሉ ችላ መቆሟን ሳስብ ለእሷ ያለኝ ክብር ይጨምራል።

ከሁሉም የምወዳት ፖርሺያን ነው። «የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ ያለች ባለጸጋ ሴት ናት። የባሏ የባሳኒዮ ወዳጅ አንቶኒዮ ዕዳ መክፈል አቅቶት፣ አበዳሪው ሻይሎክ በውሉ መሠረት ከገላው ሥጋ ሊቆርጥ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ግራ ተጋብተዋል። ፖርሺያ የወጣት የሕግ ሊቅ ልብስ ለብሳ ችሎት ትገባለች። ሥጋውን ውሰድ፣ ውሉ ግን ደም አይልም፤ አንዲት ጠብታ ብትፈስ ንብረትህ ይወረሳል ትላለች። (ሻይሎክ በአይሁዳዊነቱ የሚዋረድበትን መንገድ ግን ልቤ አይቀበለውም። በግድ ክርስትና መነሳቱ ደግሞ ይባስ ያመኛል።)

የሕጉን ዓለም ካነሳን፣ ለንደን ውስጥ ሚድል ቴምፕል የሚባል የጠበቆች ማኅበር አለ። የካቲት 2 ቀን 1602 የቫዮላ ተውኔት በአዳራሹ ታይቷል፤ ጆን ማኒንግሃም የሚባል የሕግ ተማሪ በማስታወሻው ጽፎታል። ሕግ አዋቂዎቹ ወንድ መስላ የምታገለግለውን ሴት አይተው ተደስተዋል። ሴትን በሴትነቷ ለአባልነት የተቀበሉት ግን በ1919 ነው። ሄለና ኖርማንተን ቀደም ብላ አመልክታ መልሰዋታል፤ የገባችው ሕጉ ሲለወጥ ነው። 317 ዓመት! በእኛ አገር መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆነችው በ2018 ነው። ከዚያ በፊት ለስንት ዓመት ለተጠለፉና ለተደበደቡ ሴቶች ስትሟገት ኖራለች፤ ማንንም ሳትመስል።

ሰው ስለ ፖርሺያ ሲያወራ የሚያነሳው ችሎቱን ነው። እኔ የቀለበቱ ነገር ይበልጥብኛል። ስትታጭ ቤቷን፣ አገልጋዮቿንና ራሷን ለባሳኒዮ አስረክባ ቀለበት አጥልቃለት ነበር። ከጣትህ እንዳትለየው ብላዋለች። እሱ ግን ከችሎቱ በኋላ ለጠበቃው ውለታ ብሎ ሰጠው። ጠበቃው እሷ መሆኗን አላወቀም። ቤት ሲገባ ቀለበቱ የት አለ ብላ ታፋጥጠዋለች። ይንተባተባል፣ ይለምናል፣ እንደገና ይምላል። አንቶኒዮም ዋስ ይሆንለታል። ያኔ ፖርሺያ የጠበቃ ካባ አልለበሰችም። በቀሚሷ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ስሟ ነው የምታናግረው። ያን ጊዜ ባሏ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል።