ለሙታን የሚቃጠለው ወረቀትና የከተሞች ክልከላ

እ.ኤ.አ. በ2024 ከቺንግሚንግ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ግዛት የናንቶንግ ከተማ ለሙታን ይደርሳል ተብሎ የሚቃጠል አስመሳይ የወረቀት ገንዘብ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ከለከለች። ጉዳዩ በኢንተርኔት ብዙ አከራከረ። ክልከላው ድንገት የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አገር አቀፍ የቀብር ደንብም «ፊውዳላዊ አጉል እምነት» የሚላቸውን የቀብር ዕቃዎች ማምረትና መሸጥ ከልክሎ ነበር። የእሳቱ ስጋት እውነት ነው፤ መቃብሩ ብዙ ጊዜ ተራራ ላይ፣ ከደን ጥግ ነው። ግን እንዲህ ያለው ክልከላ ሥራቸው የተለያየ ሦስት ቀኖችን በአንድ ዱላ ይመታል።

ቺንግሚንግ የመቃብር ጥገና ቀን ነው። በፀሐይ ስለሚቆጠር ብዙም አይዋዥቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል 4 ወይም 5፣ በእኛ መጋቢት 26 ወይም 27 ይውላል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዋናው ቻይና ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ አረሙን ይነቅላል፣ ዝናብ የሸረሸረውን አፈር ይሞላል፣ የደበዘዘውን የድንጋይ ጽሑፍ በቀለም ያድሳል። በደቡብ ከመቃብሩ ላይ ወረቀት አኑረው በድንጋይ ይጭኑታል፤ ወረቀት የሌለበት መቃብር ጠያቂ ዘር እንደሌለው ይቆጠራል። ከዚያ ምግቡ ይደረደራል፣ ሦስት ሲኒ መጠጥ ይቀዳል፣ ሦስት ሰንደል ይለኮሳል፣ በዕድሜ ተራ ይሰገዳል። (ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ አቁሞ መትከል በሕያዋን ገበታ ነውር የሆነው የሰንደሉን አተካከል ስለሚመስል ነው።) ወረቀት የሚቃጠለው ወደ መጨረሻው ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱን በነጭ ወይም በቢጫ አበባ መተካት ይቻላል፤ ብዙዎችም ተክተውታል፣ የቀኑ ዋና ሥራ ጽዳቱ ነውና።

የሰባተኛው የጨረቃ ወር 15ኛው ቀን፣ ጆንግዩዋን፣ ሌላ ነው። በ2024 ኦገስት 18 ውሎ፣ በ2025 የጨረቃው አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር እንዲጣጣም ስድስተኛው ወር ስለተደገመ እስከ ሴፕቴምበር 6 ተገፋ። ይህ የማብላት ቀን ነው፤ የራስን ዘመድ ብቻ ሳይሆን ጠያቂ የሌለውን ሙትም ጭምር። በቡድሂስቶቹ ትረካ መነኩሴው ሙሊያን በረሃብ ለምትሰቃይ ሟች እናቱ ምግብ ቢያቀርብላት አፏ ሲደርስ ፍም እየሆነ አቃጠላት፤ ያዳናት ለመነኮሳቱ ማኅበር የተሰጠው ምጽዋት ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የቻውጆው (በደቡብ ቻይና ያለ አካባቢ) ተወላጆች የሚያከብሩት ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2011 በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ እዚያ ለመናፍስቱ የቀረበው ሩዝ በኋላ ለሰው ይታደላል።

በአሥረኛው ወር መባቻ ደግሞ ሰሜኖቹ የብርዱ ወቅት ሳይገባ ለሟች ልብስ ይልካሉ፤ ከወረቀት የተቆረጠ፣ አንዳንዴም ጥጥ የተከተተበት። የሚላከውም በእሳት ነው። ለዚህ ቀን አበባ ምን ሊሆን ነው? አበባ ካፖርት አይሆንም።

ደንብ አውጪዎቹ ያላዩት የሚመስለኝ ስርዓቱ የራሱ የእሳት ሕግ እንዳለው ነው። የሚያውቅ ሰው መሬት ላይ በጠመኔ ክብ ይስላል፣ ክቡን ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ትንሽ ክፍት ይተወዋል። ጥቂት ወረቀት ከክቡ ውጭ የሚያቃጥለው ለባዘኑ መናፍስት ነው፤ የዘመዱን ድርሻ እንዳይነጥቁ። ችግር የሚመጣው ከችኮላ ነው። የወረቀቱን እስር ሳይፈታ የወረወረ ሰው ዳር ዳሩ ይከስልለታል፣ መሃሉ አየር ስለማያገኝ ጥሬ ይቀራል፤ ውስጥ ለውስጥ ሲግም ቆይቶ ሰው ከሄደ በኋላ ነፋስ ያነሳዋል። በእንጨት መቆስቆስም አይወደድም፤ ገንዘቡ ተቀዶ ይደርሳል ይባላል። ስለዚህ እስሩን አላልቶ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጨመር፣ አመድ እስኪሆንም አለመሄድ ግድ ነው። በደንብ ያልነደደ አይደርስምና። የእሳት አደጋ ሠራተኛው የሚለምነውና አያት የምታዘው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ከተማው በቅጣት ይመጣል።

ሲንጋፖር የተሻለውን መንገድ ይዛለች፤ በመኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ የብረት ማቃጠያ ይቀመጣል። ማቃጠያ ማስቀመጥ ብቻውን ግን አይበቃም። አፉ ክፍት የሆነ በርሜል የጋለ ወረቀት ወደ ላይ ይተፋልና የወንፊት ክዳን ይፈልጋል። የጋራ ሲሆን ደግሞ «የእኔ ከጎረቤቴ ሙት ጋር ተቀላቀለ» የሚል ስጋት ያመጣል፤ ያኔ ሰዉ ተመልሶ መንገድ ዳር ያቃጥላል። ለዚህ መፍትሔው ሲቹዋንና ሁናን በተባሉት የቻይና ክፍለ ግዛቶች ውስጥ አለ። ገንዘቡ በወረቀት ፖስታ ይታሸጋል፣ በላዩ የተቀባዩ ስም፣ ዝምድናው፣ የፖስታው ብዛትና የላኪው ስም ይጻፋል። አድራሻ ያለው ፖስታ ከየትኛውም ምድጃ ቢላክ ባለቤቱን አይስትም።