አያያዙን አይተው ብስክሌቱን

ውድ ብስክሌት የገዛ ሰው ሁለት የማይስማሙ ምኞቶች ይይዙታል። አንደኛው ማንም እንዳያይበት ነው፤ ሁለተኛው ሁሉም እንዲያይለት። ቀን ቀን ሁለተኛው ያሸንፋል። ሌሊት ላይ ደግሞ አንደኛው ተነሥቶ እንቅልፍ ይነሳል። ብስክሌትን ቤት ውስጥ በሰላም ማሳደር ይህን ያህል ያስቸገረው ብረትና ቁልፍ ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለቱን ምኞቶች የሚያስታርቅ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው።

ይህ ሰው ከቤት ውጭ ሲሆን ጥንቃቄው ለጉድ ነው። ሱቅ በር ላይ ለሁለት ደቂቃ ለሚያቆመው ሁለት ቁልፍ ያስራል፤ ጎማውን ከፍሬሙ፣ ፍሬሙን ከምሰሶው ያቆራኛል፤ ገብቶም አንገቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ ይገበያያል። ቤቱ ሲደርስ ግን ብስክሌቱን መጋዘን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና ያንኑ ከባድ ቁልፍ መሪው ላይ አንጠልጥሎት ይገባል። ቤት ገብቷላ! ለሌባው ግን ከመንገዱ ይልቅ ቤቱ ይመቻል። መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚ አለ፤ ባለቤቱም ከአሁን አሁን ይመጣል። እዚህ በር ዘግቶ፣ ከዝናብ ተጠልሎ፣ ላብ ሳይነካው ይሠራል።

መሣሪያ መያዝም አይጠበቅበትም። ግራይንደሩ ዲስኩ ተገጥሞለት፣ ባትሪው ተሞልቶ መደርደሪያው ላይ ይጠብቀዋል። ከጎኑ መዶሻ፣ ከመዶሻው ጎን ረጅም እጀታ ያለው የብረት መቁረጫ። ሥርዓት የሚወድ ባለቤት እንዲያውም መፍቻዎቹን በቁመታቸው አሰልፎ ሰቅሏቸዋል፤ እንግዳው ፍለጋ እንዳይደክም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቁልፍ መግዛት ሳይሆን፣ መቁረጫና መፈልቀቂያ የሆነውን ሁሉ ብስክሌቱ ካለበት ክፍል ማውጣት ነው። ሌላ ክፍል ከሌለ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ይበቃል፤ ሳጥኑም ተሸክመውት እንዳይሄዱ ይታሰር።

በሩ ሌላ ቀልድ ነው። የጡጫ ያህል ጓጉንቸር በአራት አጫጭር የእንጨት ብሎኖች በተያዘች ስስ ላሜራ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሌባ ጓጉንቸሩን አይነካውም። ብሎኖቹን ይፈታል፤ ወይም መፈልቀቂያ አስገብቶ ላሜራዋን ከነሥሯ ይነቅላታል። ጠዋት ጓጉንቸሩ አንድ ጭረት ሳይነካው፣ በክብር እንደተቆለፈ መሬት ላይ ይገኛል። ላሜራዋን መያዝ ያለበት እንጨቱን አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ፣ ከውጭ ራሱ ድቡልቡል የሆነና መፍቻ የማይዘው ቡሎን ነው፤ ከውስጥ ደግሞ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ። ማጠፊያዎቹ በውጭ በኩል ከሆኑም እንዲሁ ይደረግላቸው፤ አለዚያ ሁሉም ሰው መቆለፊያውን ሲጠብቅ በሩ በሌላው ጎኑ ይከፈታል።

በሞተር የሚከፈት የጋራዥ በር ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይኩራራል። ከሞተሩ ሥር ግን፣ መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመክፈት የምትሳብ ገመድ ተንጠልጥላለች። በበሩ የላይኛ ክፍተት የገባ የታጠፈ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ ያችን ማስለቀቂያ ጎትቶ በሩን በሰከንዶች ውስጥ ነፃ ያወጣዋል። ብዙዎች ማስለቀቂያዋን በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሯታል፦ በሽቦ ሲጎትቷት የማትበጠስ፣ ከውስጥ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲስባት ግን የምትበጠስ። ታስራ ከተተወች አደገኛ ናት፤ አንድ ጊዜ ጎትቶ በጥሶ መሞከር፣ ከዚያ በአዲስ ማሰር ያስፈልጋል። ወፍራሙን የመረጠ ሰው እሳት ቢነሣ ከብስክሌቱ ጋር ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ማሰሩ እንምጣ። ብስክሌትን ከገዛ ጎማው ጋር ብቻ መቆለፍ አለ፤ ይህ ብስክሌቱ እንዳይነዳ ያደርገዋል እንጂ እንዳይሄድ አያደርገውም። 8 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ትከሻ ላይ ይወጣል። ባለቤቱ ለእያንዳንዷ የተቀነሰች ግራም ገንዘብ ሲያፈስ ለሌባው ጀርባ እያሰበለት ነበር። ሁለቱ ብስክሌቶቼ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል የሚለውም ትንሽ ቢሻል ነው፤ ሁለት ሌባ ከመጣ ተቃቅፈው ይሄዳሉ።

የሚያዛልቀው ወለል ላይ የሚተከል የብረት ቀለበት ነው። ወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይሁን። ከላይ ያለው ሊሾ ኮንክሪት አይደለም፤ ሊሾ ላይ የቀረ ቡሎን እንደ ወተት ጥርስ ይነቀላል። ከወለሉ ጠርዝም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ገባ ማለት ጥሩ ነው፤ ቀለበቱን የሚይዘው የሚለጠጥ ቡሎን ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ እየሰፋ ኮንክሪቱን ወደ ጎን ስለሚገፋ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሥሩ ቧንቧ ወይም የመብራት መስመር አለመኖሩ ይጣራ። ከዚያ ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚመጥን ቀዳዳ፣ ከቡሎኑ ርዝመት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ አድርጎ፣ በሚደበድብ ድሪል መብሳት። አሁን ነው ሁሉም የሚሰንፈው። የቀዳዳው ዱቄት በብሩሽ ተፍቆ፣ በአየር ተነፍቶ፣ እንደገና ተፍቆ መውጣት አለበት። ዱቄቱ ከቀረ የሚለጠጠው ቡሎን አብሮ ይዞራል፤ በሙጫ የሚያያዘውም የሚጣበቀው ከዱቄቱ ጋር እንጂ ከኮንክሪቱ ጋር አይሆንም። በአፍ መንፋትም ይቻላል፤ ዱቄቱ ያለጥርጥር ወደ ዐይን ይመጣል።

ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ የሚለጠጥ ቡሎን አይሆንም። ስሱን ግድግዳ ከፍሎ ይወጣል። ግድግዳ ግድ ከሆነ ወንፊት መሰል ቱቦ አስገብቶ በሙጫ መሙላት፣ ሙጫውም በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠጥቶ እስኪደርቅ አለመነካካት ነው፤ ወለል ካለ ግን ወለሉ ይሻላል። በመጨረሻ በቡሎኖቹ ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ልክ የሆነ የኩሽኔታ ኳስ በመዶሻ ይቀረቀራል፤ ከዚያ በኋላ መፍቻ አይገባም። የባለቤቱም መፍቻ አይገባም። ኳሷ ከመመታቷ በፊት ብስክሌቱን ቦታው ላይ አቁሞ፣ ቆልፎ፣ በሩ ይዘጋ እንደሆነ ማየት ብልህነት ነው። መኪናው እንዳይገባ ያደረገ ቀለበት ተክሎ ለቤተሰቡ «ለደኅንነት ነው» ብሎ ያስረዳ ሰው ብዙ ነው።

ቁልፉ ራሱ? ቀጭን የሽቦ ገመድ ቁልፍ ልጅ ብስክሌቱን እንዳይነካ ይከለክላል፤ ለሌላ አይሆንም፣ በእጅ መቁረጫ እንደ ክር ይበጠሳል። ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ብረት ትንንሾቹን መቁረጫዎች ይመልሳል፤ 16 ሲደርስ ትልልቆቹም ይቸገራሉ። ሰንሰለት ከሆነ አጥሮና ተወጥሮ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታሰር። መሬት ከነካ ሌባው የመቁረጫውን አንድ እጀታ ወለሉ ላይ አስደግፎ በሌላው ላይ በሙሉ ክብደቱ ይጫንበታል። ለግራይንደር ግን ተራው ወፍራም ብረት የአንድ ሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ዲስክ የሚበሉ፣ በልዩ ቅይጥ የተሠሩ ቁልፎች ወጥተዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ከመቆረጥ አያድኑም፣ ያሰለቻሉ እንጂ። ሌባ ደግሞ መሰልቸትን አይወድም፤ ሥራ ያስመረጠውም እሱ ነው።

ማሸጊያው ላይ «10 ከ10» የሚለውን ውጤት የሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ የገዛ ልጁን ፈተና እንዳረመ አባት። የሚታመነው በገለልተኛ ወገን ተሞክሮ የተሰጠ ደረጃ ነው፦ የብሪታንያው ሶልድ ሴኪዩር ከነሐስ እስከ አልማዝ ያወጣል፣ የኔዘርላንድሱ ኤ.አር.ቲ. ኮከብ ይቆጥራል። ስምም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2004 ስመ ጥሩ ክሪፕቶናይት ከሚሸጣቸው ቁልፎች፣ ክብ ቱቦ የመሰለ መክፈቻ ያላቸው በተራ እስክሪብቶ የፕላስቲክ ቀፎ እንደሚከፈቱ በኢንተርኔት ሲታይ ኩባንያው ቁልፎቹን በሌላ ለመለወጥ ተገደደ። ያን ሰሞን በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ስንት የሌባ መሣሪያ እንደነበረ አስቡት።

መጋዘን የሌለው ሰው ብስክሌቱን ሳሎን ያስገባል፤ የቤቱ ፖለቲካም እዚህ ይጀመራል። ድርድሩ ኮሪደር ላይ ይነሣል፣ የመሪው ጫፍ የአላፊውን ጎን ሲወጋ ይከራል፣ በመጨረሻ ግድግዳ ላይ ይሰቀል በሚል ስምምነት ያበቃል። በፊት ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲሰቀል ማንጠልጠያው ከወለል 190 እስከ 200 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የኋላ ጎማው መሬት ነክቶ ካልቀረ ትክክል ነው። ጎማው ግድግዳውን የሚያጠቁርበት ቦታ ላይ ቁራጭ ላሜራ ወይም ፕላስቲክ ካልተለጠፈ ስምምነቱ ይፈርሳል። የካርቦን ፍሬም በቱቦው ላይ በሚጨመድድ መያዣ አይሰቀል፤ በጎማው ይሰቀል። የዘይት ፍሬን ያለው ብስክሌት ተሰቅሎ ከርሞ ሲወርድ የፍሬኑ እጀታ ለስልሶ ሊገኝ ይችላል፤ ውስጡ አየር ካለ ቦታ ቀይሮ ነው። ከመነዳቱ በፊት ደጋግሞ መጭመቅ፣ ካልጠነከረ አየሩን ማስወጣት። ማንጠልጠያ ግን ቁልፍ አይደለም፦ ብስክሌቱን ለሌባው በሚመች ቁመት አዘጋጅቶ ማቅረቢያ ነው። እዚያም መታሰር አለበት፤ በመስኮት የሚታይ ከሆነ መጋረጃው ይዘጋ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ምኞት ያምጻል፤ ማን ሊያየው ነው ታዲያ የተሰቀለው?

የጋራ ደረጃ ሥር ማቆም አይነሣ። ሰው በጭስ ውስጥ በዳበሳ የሚወርድበት መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ በመውጫው በር አጠገብ አይሞላ፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት ከተነሣ በባልዲ ውሃ የሚመለስ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከ30 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ፣ ከብስክሌቱ ተነጥሎ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ባትሪ የሌለው ብስክሌት ለሌባም ዋጋው ይቀንሳል።

ሦስት ቁልፍ፣ ሁለት ቀለበት፣ አንድ ካሜራ ያሰናዳው ሰው ግን ጠዋት ነድቶ ሲመለስ መንገዱን በካርታ አስደግፎ ለዓለም ይለጥፋል። መነሻው የገዛ በሩ፣ መድረሻው የገዛ በሩ፤ ከሥሩ የብስክሌቱ ፎቶ ከነሞዴሉ። የሯጮችንና የብስክሌተኞችን ጉዞ የሚመዘግበው መተግበሪያ ስትራቫ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠቃሚዎቹን ጉዞ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ ሲያወጣ፣ በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ሳይቀር ተለይቶ ታየ፤ ወታደሮቹ ሲሮጡ መዝግበውት ነበር። የጦር ሰፈር ያልተደበቀበት ካርታ የእናንተን መጋዘን አይደብቅም። በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ በቤቱ ዙሪያ ያለውን መንገድ መሰወሪያ አለ፤ ክልሉ ሰፋ ተደርጎ ይመረጥ። ጠባብ ክብ መሃሉ በቀላሉ ይገመታል።

መከታተያ መሣሪያ ብረት ቱቦ ውስጥ ከተቀበረ የሚልከው ምልክት ይታፈናል፤ ኮርቻ ሥር ይሻለዋል። ሰውን በድብቅ እንዳይከታተሉበት ተብሎ የተሠራው ማስጠንቀቂያ ሌባውንም ስልኩ ላይ እንደሚያስጠነቅቀው ግን አይዘንጋ።

ከዚያ ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ ይመጣል። የፍሬሙ መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ሥር፣ ጭቃ በተጋገረበት ቦታ ላይ ተቀርጿል። ባለቤቱ ስለ ብስክሌቱ የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ የጎማውን ግፊት፣ የሰንሰለቱን ክብደት በቃሉ ይወጣዋል። ዛሬውኑ አገልብጦ፣ ጠርጎ፣ ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ፎቶ ማንሣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኢንሹራንስ ካለው ውሉን ያንብብ፦ የቁልፉ ደረጃ፣ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር መታሰሩ፣ መጋዘን ውስጥም ቢሆን መቆለፉ በብዙዎቹ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ካሳ ሲጠየቅም ከቁልፉ ጋር የመጡት መክፈቻዎች በሙሉ ይቅረቡ የሚሉ አሉ። አንደኛው ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከብስክሌቱ በላይ ምስማር ላይ ነበር።