መለከቱ ምን ብሎ ነው የተነፋው?

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሆላንድ አንድ ጓደኛችን ቤት ቡና ላይ ነበርን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሰሞኑን ክፍሉ ፊት ቆማ ስለ አንድ ሰው ማውራት አለባት፣ እዚህ ስፕሬክበርት ይሉታል፣ እሷ የመረጠችው ደግሞ የድሮውን የደች መርከበኛ አቤል ታስማንን ነው፣ እናትየው «እስቲ እኛ ላይ ተለማመጂ» አለቻትና ልጅት አማርኛውን ከደች እያደባለቀች ጀመረች። ካፒቴን ታስማን በ1642 ከባታቪያ፣ ከዛሬዋ ጃካርታ ማለት ነው፣ በሁለት መርከብና በ110 ሰው ተነስቶ ማንም የማያውቀው አገር አገኘ ስትል ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። በቃ አለቀ።

«ማንም ማለት ማን ነው የኔ ልጅ?»

ልጅት እናቷን አየች። እናትየው «ኧረ ጋሼ ልጅ እኮ ናት፣ ጀብዱውን ተናግራ ትቀመጥ» አለች፣ እሳቸው ግን አልለቀቁም፣ ሰውየው ራሱ ማስታወሻው ላይ ጭስ አይተናል፣ እንደ ቀንድ ወይ እንደ ትንሽ ደወል ያለ ድምፅ ሰምተናል ብሎ ጽፎ የለ እንዴ፣ ታዲያ ጭሱን ማን አነደደው?

እዚህ ጋ እውነታቸውን ነው። ነገሩ ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ያለችው፣ ዛሬ ታስማኒያ የምትባለዋ ደሴት ላይ ነው፣ ኖቬምበር 24 ነው ያያት፣ ከዛ በሳምንቱ ሰዎቹ ሲወርዱ ሁለት ግዙፍ ዛፍ ያገኛሉ፣ ግንዱ ላይ መወጣጫ ተጠርቧል፣ ግን ከአንዱ ጥርብ እስከ ሌላው ሜትር ተኩል ገደማ ነው! እነዚህ ሰዎች ወይ በጣም ረጃጅም ናቸው ወይ እኛ የማናውቀው አወጣጥ አላቸው ብለው ግራ ገባቸው። አንድም ሰው ሳያዩ ሄዱ፣ እነሱ ግን መታየታቸው የሚቀር አይመስለኝም። ልጅት ይሄን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ወረቀቷ ላይ አልነበረማ፣ ወረቀቷ ላይ ያለው ደሴቷን ባታቪያ በተቀመጠው አለቃው በቫን ዲመን ስም መሰየሙ ብቻ ነው።

ሮተርዳም ወደብ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ለታስማን ጠበቃ ቆመ። እናንተ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው አለ፣ ሞተር የለ ጂፒኤስ የለ፣ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሄድክ ባህር ላይ በትክክል የምትለካበት ሰዓት ራሱ ገና አልተሠራም፣ ደግሞ አናጢውን አስቡት አለ። እውነትም አናጢው! ዲሴምበር 3 ባንዲራና የኮምፓኒው፣ ማለትም ታስማንን የላከው የደቾች የምሥራቅ ህንድ ንግድ ድርጅት፣ ምልክት ያለበትን እንጨት ሊተክሉ ሲሄዱ ማዕበሉ ጀልባዋን አላስጠጋ አለ፣ ፒተር ያኮብስ የሚባለው የመርከቡ አናጢ እንጨቱንና ባንዲራውን ይዞ ውሃው ውስጥ ዘሎ ገባ፣ ዋኝቶ ወጣ፣ ተከለ፣ ዋኝቶ ተመለሰ። ጋሼ «ማንም በሌለበት ዳርቻ ባንዲራው ለማን ነው?» ሲሉ ልጁ «ለአለቃ ነዋ ጋሼ፣ እኛስ ሥራ ቦታ ፎቶ እያነሳን እንልክ የለ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ሳቁ የቆመው ኒውዚላንድ ስንደርስ ነው። እናትየው ያንን ክፍል አውጥታዋለች፣ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰው ሞተ ብላ ታውራ እንዴ» ባይ ናት። የሆነው እንዲህ ነው፣ ዲሴምበር 18 አሁን ጎልደን ቤይ በሚባለው ቦታ መልህቅ ጣሉ፣ ሲመሻሽ የአገሬው ነባር ሰዎች የማኦሪዎች ታንኳዎች ቀረብ ብለው በጎርናና ድምፅ ተጣሩና መለከት ነፉ፣ ደቾቹ ሰላምታ ይሁን ምን ይሁን ሳይገባቸው የራሳቸውን መለከት አውጥተው መልስ ነፉ። ብዙ የታሪክ ሰዎች ዛሬ የሚሉት ያ የማኦሪዎቹ መለከት ፉከራ ነበር ነው። ይሄ ለኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ የፎከረብህን ሰው መልሰህ ከፎከርክበት ጠቡን ተቀበልክ ማለት ነው። በማግስቱ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው የምትቀዝፍ ትንሽ ጀልባ በታንኳ ተገጨች፣ አራት መርከበኞች ሞቱ፣ ሦስቱ ዋኝተው ተረፉ፣ መርከቦቹ እየተኮሱ ወጡ፣ ታስማንም ቦታውን የነፍሰ ገዳዮች ወሽመጥ ብሎት ሄደ። ኒውዚላንድን እግሩ አልረገጣትም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጋሼ በ«ማንም» ልክ ናቸው፣ ያቺ ቃል ትውጣ፣ ግን ልጅቷን ክስ ልናስነብባት አይገባም። የወደቡ ልጅም ጀግናው ጀግናው አበዛ፣ ኮምፓኒው ራሱ ወርቅም ንግድም አላመጣህም ብሎ ያን ያህል አልተደሰተበትም። ከሁሉም የተሳሳተችው ግን እናትየው ናት። የመለከቱን ነገር ካወጣሽው ልጆቹ «ታዲያ ለምን አልወረደም?» ሲሏት ምን ልትመልስ ነው? የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለመግባባትን ከኛ አታንስም፣ በየቀኑ እረፍት ሰዓት ላይ ታየዋለች። እኔ ብሆን ጭራሽ ከዛ ነው የማስጀምራት፣ አንድ ልጅ ከዚህ ይንፋ፣ አንድ ልጅ ከዚያ ይንፋ፣ ከዛ «ምን ያለ መሰላችሁ?» ብላ ክፍሉን ትጠይቅ።

ልጅት ተስማምታለች። ችግሩ መለከት ተብሎ የተገኘው የወንድሟ የኳስ ሜዳ ቩቩዜላ ነው፣ እናትየው ደግሞ እሱን ይዘሽማ ከዚህ ቤት አትወጪም ብላለች።