ይሄዳል

ሰሞኑን ደሜን ያፈላው አንድ ቃል ነው፦ «ይሄዳል»።

ለአሮጊቷ የእንግሊዝ መኪናዬ፣ ለኤምጂቢዬ፣ አራት ጎማ ልገዛ ብዬ ተንበርክኬ፣ በባትሪ ብርሃን የጎማውን ጎን ቁጥር እያነበብኩ ነበር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቂት ተመለከቱና ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። (ጎማን በእግር መምታት ምን እንደሚያሳውቅ ብዙ ሰው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ሐኪም እንኳ ደረት መታ መታ ሲያደርግ ጆሮውን ያስጠጋል።)

«ይቺን ቀጭን ነገር ጣልና 195/50 ባለ 15 አልብሳት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቸርኬዋ እኮ 14 ነው።»

«ቸርኬውንም ትቀይራለህ። ይሄዳል።»

ይሄዳል! በአማርኛ የዚህን ያህል የደላው ቃል የለም። ሹራብ ከሱሪ ጋር ይሄዳል፤ መጋረጃ ከምንጣፍ ጋር ይሄዳል፤ የማይግባቡ ባልና ሚስት ሳይቀሩ «ምን ይደረግ፣ ይሄዳል» እየተባለላቸው ሃያ ዓመት ይሄዳሉ። ቃሉ ሜትር አይጠይቅም፣ ኃላፊነትም አይቀበልም። ሹራቡ ባይሄድ ቢበዛ ይሳቅብሃል። ጎማ ግን ከምሩ ነው የሚሄደው፤ አንተን ጭኖ።

እስቲ የጎማውን ጎን አብረን እናንብብ። 185/70 አር 14። 185 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 የጎኑ ቁመት ነው፣ ግን ሚሊ ሜትር አይደለም፤ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ዓይነት መለኪያ! ወራሾች ተኳርፈው የፈረሙት ውል ይመስላል። ጎማው የሚችለውን ትልቁን ፍጥነት የሚናገረው የእንግሊዝኛ ፊደልም ቢሆን ተራውን አልጠበቀም፦ ዩ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ቪ 240፣ መሐላቸው ላይ ደግሞ ሰልፍ ሰብሮ የገባ ኤች፣ 210። የድሮዎቹ ከዚህም ይብሳሉ። ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. በ1962 ስትወጣ የተጫማችው 5.60-14 ነበር፤ ስፋቱም በኢንች መሆኑ ነው። ራዲያል («አር» የሚባለው የዛሬው የጎማ አሠራር) ከመጣ በኋላ 165 አር 14 ተብሎ ተጻፈ፤ በመቶኛው ጭራሽ የለም። ያልተጻፈው 80 ግድም እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅ 60 ይገዛና መኪናዋን ያንበረክካታል።

ይህን ዝብርቅርቅ ላስተካክል ብሎ የተነሳ ጠፍቶ አይደለም። የፈረንሳዩ ጎማ ሠሪ ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቲአርኤክስ የሚባል ጎማ አወጣ፤ ቸርኬው ሳይቀር በሚሊ ሜትር ተለካ፣ 390። ንጹሕ ሥርዓት! ወደ ኢንች ብትመልሰው 15.35 ይመጣል፤ ባለ 15ም ባለ 16ም ጎማ አይገባበትም። ዛሬ ያን ቸርኬ የያዘ ሰው ወይ ለእሱ ብቻ የሚሠራ ጎማ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ወይ ቸርኬውን ይጥላል። ትክክል ሆኖ ብቻውን የቀረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። በእኛ ቤት ማን እንደሆነ ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ቆይ፣ መጀመሪያ የምወደውን ተረት ላምጣው፦ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»። ሌላው ሰው ይህን የሚተርተው ሳይማሩ ጥምጥም ላሳመሩ ነው። እኔ ግን ለጎማ የተተረተ ነው ባይ ነኝ። ጎማ የቸርኬ ጥምጥም አይደል? ራስ ጠቦ ጥምጥሙ ሲገዝፍ አስቡት፤ መታጠፊያው ላይ ራስ ወደ ቀኝ፣ ጥምጥም ወደ ግራ። የኔ ቸርኬ 60 ሽቦ ያለው፣ ወርዱ 4 ኢንች ከግማሽ የሆነ ነው። 165 ይደላደልበታል። 185/70 ጨነቅ ብሎት ይቀመጥበታል። 195/50 ቢያንስ 5 ኢንች ከግማሽ ወርድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሽቦዎቹ ቸርኬውን በስተው ስለሚያልፉ ያለ ከመነዳሪ፣ ማለት ያለ ውስጠኛው ላስቲክ፣ አየር አይይዝም። «ከመነዳሪ» ስል ጋሼ የሳቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «በዚህ ዘመን!»

ይባስ ብለው ቤት ገብተው ለባለቤቴ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሏት። ይሄ ደግሞ የምጠላው ተረት ነው። የተመካሪውን እንቢ ማለት ይቆጥራል፣ መከራም ያዝዝበታል፤ መካሪው ነገሩን ያውቀው እንደሆነ ግን አንድ ቃል አይጠይቅም። ያልጠየቅኩትን መልሰው፣ ያልለኩትን ወስነው፣ ጥፋተኛው እኔ! ስህተት ቢሆን ጎማ የምገዛው እኔ፣ ገደል የምገባው እኔ፤ እሳቸው «ነግሬው ነበር» ለማለት በሕይወት ይተርፋሉ።

መከራ ከተነሳ የመኪና ማንሻ ክሪኬን ላንሳ። ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጋሼ «ለአንድ ሰዓት» ብሎ ወሰደው። ይቅርታ፣ ወሰዱት። ቀይ ነው፤ እጀታው ላይ እጄን እንዳይልጠኝ አሮጌ ካልሲ አስሬበታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አፍሬ ዝም አልኩ። በወሩ «አሁን ያመጡታል» አልኩ። በዓመቱ ደግሞ ከዓመት በኋላ ክሪክ የሚጠይቅ ሰው ምን ይባላል? አንቱ የሚሉት ሰው የወሰደው ዕቃ አንዴ ከሄደ መጠየቂያው ቃል ራሱ የለም፤ «ይመልሱልኝ» ሲሉት ጸሎት ይመስላል። ሌላ ክሪክ አልገዛሁም። ብገዛ ያኛውን ተውኩላቸው ማለት ነው። ጎማ በተነፈሰብኝ ቁጥር ከጎረቤት እየተዋስኩ፣ እየመለስኩ (በሰዓቱ!) ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ።

ሒሳቡን ግን በወረቀት አሳየኋቸው። 165 አር 14 ዲያሜትሩ 620 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ 185/70 አር 14 ደግሞ 615፤ እሳቸው ያሉት 195/50 አር 15 ግን 576። ቸርኬው አደገ፣ ጎማው አነሰ። በመቶ 7 ስለሚያንስ የፍጥነት ጌጁ 100 ሲል መኪናዋ ገና 93 ላይ ናት፤ ሆዷም 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ይወርዳል። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ታዲያ ፈጠነች ማለት አይደለም እንዴ?» አሉ።

165 አር 14 አዘዝኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሻጭ «አዲስ ነው፣ መንገድ አላየም» ያለኝ ጎማ ጎኑ ላይ 1412 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መንገድ ባያይም ዘመን አይቷል። «ይሄዳል» ሊለኝ አፉን ሲከፍት ጥዬው ወጣሁ። ከሌላ ቦታ ያመጣኋቸው ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ተደረደሩ፤ የጎማው ፀጉር ገና አልረገፈም። ጎረቤቴ የለም። መኪናዋን የሚያነሳ ክሪክ የለም።

እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩላቸው።

«ያ ቀዩ?» አሉ ትንሽ ቆይተው።

«አዎ ጋሼ።»

«እሱ እንኳ ለአንተ መኪና አይሄድም።»