ሲሰልሙ የአባታቸውን ስም ለምን ያጣሉ?

በማሌዥያ ዋና ከተማ ኳላ ላምፑር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሰለሙ ትውልደ ቻይናውያን ኑሮ የከነከነኝ ነገር የለም። የማሌዥያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 160 ማሌይ (የአገሩ ዋና ብሔረሰብ) ማለት እስልምናን የሚከተል፣ ማሌይኛ የሚናገርና በማሌይ ባሕል የሚኖር ሰው ነው ስለሚል፣ ቻይናዊው ሲሰልም ዘመዶቹ ሃይማኖቱን ብቻ ሳይሆን ዘሩንም የካደ አድርገው ይቆጥሩታል። ከሁሉ የባሰው ግን የስሙ ነገር ነው፤ ለብዙ ዘመን የሰለመ ሰው አባቱ በሕይወት እያለ «ቢን አብዱላህ»፣ ማለትም የአብዱላህ ልጅ፣ ተብሎ መመዝገቡ የተለመደ ነበር።

ሙስሊም አግብቶ የሰለመ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቻይናውያን ዘመን መለወጫ ዋዜማ እናቱ ቤት ወስዶኝ ነበር። እናቱ ለእሱ ብለው ዋጋው የተለጠፈበት አዲስ ድስትና ሳህን ገዝተዋል፣ ዶሮውን ከሐላል ሥጋ ቤት አምጥተዋል፣ የአሳማ ሥጋም ያን ማታ ገበታው ላይ አልቀረበም። ቤተሰቡ በአያቶች ፎቶግራፍ ፊት ዕጣን ሲያጨስ እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ፤ ይህንንም ማንም አልተቀየመውም። እናቱን ያስለቀሳቸው መታወቂያው ነው። «አባቱ ምን በድሎት ነው ስሙን የጣለው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

እኛ ዘንድ፣ በተለይ ወሎ፣ አህመድ ገብረ ማርያም የሚባል ሰው ቢያጋጥም ማን ይደነቃል? የሰለመው ልጅ የክርስቲያን አባቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ክርስቲያኑም ሲድር ለሙስሊም ዘመዶቹ ከብቱን የሚባርክ ሙስሊም ጠርቶ፣ ድስቱንም ለይቶ ይደግሳል። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ የሆነው ሱረቱል አሕዛብም ቢሆን ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዝዛል፤ ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች የአባት ስም የወሰደው ሃይማኖቱ ሳይሆን የመዝጋቢዎች ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይታረማል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው የማሌዥያ ቻይናውያን ሙስሊሞች ማኅበር ሰው ሙስሊም ሆኖ ቻይናዊነቱን ጠብቆ መኖር እንደሚችል ሲያስረዳ ቆይቷል፤ የዘመን መለወጫንም በሐላል ምግብ ያከብራል። ዛሬ የቤተሰብ ስማቸውን ይዘው የሚሰልሙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህም ልቤን ደስ ያሰኘዋል። በቀድሞው ልማድ የተመዘገቡት ግን አሁንም የሌላ ሰው ልጅ ተብለው ይጠራሉ። ባልደረባዬ ስሙን ለማስመለስ ማመልከቻ ጽፏል፤ እናቱም የልደት ምስክር ወረቀቱን ካስቀመጡበት አውጥተው ሰጥተውታል።